ደራሲ ሲረሳ ትረካው ምን ይሆናል?

የኮሎምቢያው ደራሲ ጋብርኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ካረፈ ከ10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ልጆቹ አባታቸው እንዲጠፋ የነገራቸውን አንድ አጭር ልብ ወለድ አሳተሙ። ደራሲው በዕድሜው ማምሻ ላይ የማስታወስ ችሎታው እየከዳው ስለ ነበር ረቂቁን ደጋግሞ ቢያርመውም እንደሚፈልገው አድርጎ ሊቋጨው አልቻለም፤ በመጨረሻም መጽሐፉ እንደማይሆን ተናገረ። ልጆቹ ለማሳተም ሲወስኑ ያቀረቡት ምክንያት ግን ነገሩን ያወሳስበዋል፤ መጽሐፉን እንዳይጨርስ ያደረገው መርሳት፣ የመጽሐፉን ጥሩነት እንዳያይም አድርጎት ሊሆን ይችላል ብለዋል። የሟች ፈቃድ መከበር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ በፊት ያለውን ጥያቄ ነው፤ መርሳት በትረካ ውስጥ የሚገባው በየት በኩል ነው? ገብቶስ ምን ይሠራል?

ጥያቄው ለሰሜን ሸዋ አንባቢም ሩቅ አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ ልብ ወለድ የሚጽፍ ወጣት፣ መሐል ሜዳ ላይ የአያቱን ታሪክ በስልኩ የሚቀርጽ መምህር፣ አንኮበር ላይ ለጎብኝዎች የቤተ መንግሥቱን ታሪክ የሚተርክ አስጎብኚ ሁሉም ሥራቸው በማስታወስ ላይ የቆመ ነው። ስለ ጉዳዩ ሲወራ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጫፍ ላይ የቆሙ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው ጥሩ ደራሲ ማለት ያየውን ሁሉ የማይረሳ ሰው ነው ይላል። ሌላው ዝንጉነትን የሊቅነት ምልክት አድርጎ ያደንቃል። ሁለቱም ከማስታወስ አሠራር ጋር አይገጥሙም።

መርሳት ስንል የትኛውን ነው?

በአንድ ስም የምንጠራቸው ነገሮች በእርግጥ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መጀመሪያውኑ ያልተያዘ ነገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ የሚለው ጣርማ በር በጉም ተሸፍኖ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ሲያዘግም ተሳፋሪው ሁሉ ዓይኑን መንገዱ ላይ ይተክላል። ያ ተሳፋሪ በኋላ የመቀመጫው ጨርቅ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ነገር ግን ረሳው ማለት አይቻልም፤ ልቡ ሌላ ቦታ ስለ ነበር ቀለሙ ከዓይኑ አልፎ አልገባም። ሁለተኛው ገብቶ ሳለ ከጊዜ ጋር የደበዘዘ ነው። ሦስተኛው ውስጥ እያለ አልወጣ የሚል ነው፤ «ስሙ አፌ ላይ አለ» የምንለው። አራተኛው ነገሩን እያስታወሱ ከየት እንዳገኙት መርሳት ሲሆን፣ ለደራሲ ከሁሉም አደገኛው ይህ ስለሆነ ኋላ እመለስበታለሁ። አእምሮን የሚጎዳ በሽታ የሚያመጣው መርሳት ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ይኖርበታል።

ስለ መደብዘዝ በቁጥር የምናውቀው በጀርመናዊው ሔርማን ኤቢንግሃውስ ይጀምራል። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት የተጠናውም አጥኚውም ራሱ ነበር፤ ትርጉም የሌላቸውን ድምፆች እየደረደረ በቃሉ ያጠናቸዋል፣ ከዚያ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደገና ሲያጠናቸው ከመጀመሪያው ድካም ምን ያህሉ እንደ ቀረለት ይለካል። አንድ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ከግማሽ በላዩ ጠፍቷል፤ በማግሥቱ የቀረው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው፤ ከአንድ ወር በኋላም አንድ አምስተኛ ገደማ ቀርቶ ተገኘ። ከቁጥሮቹ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አካሄዱ ነው። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፣ ከዚያ እየዘገመ ይሄዳል። ለጸሐፊ ይህ ማለት በዚያው ዕለት ማታ ያልተጻፈ ነገር በማግሥቱ ሲጻፍ አብዛኛው ዝርዝር ሄዷል፣ የተረፈው ግን ረዘም ላለ ጊዜ የመቆየት ዕድል አለው ማለት ነው።

የጎደለውን ማን ይሞላዋል?

ማስታወስን እንደ ጎተራ አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ ያስገቡትን መልሶ ማውጣት፣ ነቀዝ የበላውን ማጣት። ለነገሩ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የመንዝ ደጋ ሰው የፈረሰ የድንጋይ ቤቱን መልሶ ሲሠራ የሚሆነው ነው። ድንጋዩ በአብዛኛው የድሮው ነው፤ አደራደሩ ግን በትክክል የድሮው አይሆንም። የጠፋው ማዕዘን በሌላ ድንጋይ ይተካል፤ መስኮቱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል፤ ሥራው ሲያልቅ ለሚያልፍ መንገደኛ ቀርቶ ለባለቤቱም ቢሆን የቱ ድንጋይ ከአያት ቤት እንደ ተረፈ፣ የቱ ትናንት ከማሳ እንደ ተለቀመ ለመለየት ያስቸግራል። አንድን ትዝታ በጠራን ቁጥር የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ካለው ስባሪ እንገነባለን፣ የጎደለውን ደግሞ ነገሩ እንዲህ መሆን አለበት ብለን ከምናውቀው እናሟላለን፤ ስንሞላ ግን እየሞላን መሆናችን አይሰማንም።

ይህን በግልጽ ካሳዩት አንዱ እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ባርትሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ተረት ለእንግሊዛውያን አንባቢዎች እየሰጠ ቆይቶ መልሰው እንዲተርኩት ያደርግ ነበር። በትረካቸው ውስጥ ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ የባሕር እንስሳ አደኑ ዓሣ ማጥመድ ሆነ፤ ለተረቱ ዋና ነገር የነበሩት መናፍስት ትርጉማቸው ስላልታያቸው እየተንሸራተቱ ወጡ። አንባቢዎቹ የሚያውቁት ዓለም፣ የማያውቁትን ዓለም ቀዳዳ ደፈነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ በውርጭ ሌሊት በርኖሱን ተከናንቦ ገብሱን ከጭላዳ ስለሚጠብቅ የመንዝ ልጅ የሚናገር ተረት ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ አንድ ትውልድ ቢቆይ፣ ልጁ ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ከማሽላ የሚያባርር ሆኖ ቢገኝ አይገርምም። ማንም ተረቱን ለመለወጥ አላሰበም፤ ውርጭንና ጭላዳን የማያውቅ ልጅ ሲረሳው የሚተካው በሚያውቀው ነው።

የመሙላቱን ነገር አንባቢ በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። አልጋ፣ ትራስ፣ ሌሊት፣ ሕልም፣ ድካም፣ ማዛጋት፣ ብርድ ልብስ የሚሉትን ቃላት ለአንድ ሰው አንብበው ጥቂት ከቆዩ በኋላ የሰማውን እንዲዘረዝር ቢጠይቁት፣ «እንቅልፍ» የሚለውንም ጨምሮ ሊነግርዎት ይችላል፤ ያውም በእርግጠኝነት። (የደብረ ብርሃን ሰው ከሆነ ብርድ ልብስን የሚዘነጋ አይመስለኝም።) በእንግሊዝኛ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1959፣ ከዚያም በ1995 በተሠሩ ሙከራዎች ብዙ ሰዎች ያልተነገረውን ቃል ሰማን ብለዋል። አእምሮ የያዘው የቃላቱን ዝርዝር ሳይሆን የነገሩን ፍሬ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ተመራማሪዎች ማስታወስና መፈልሰፍ አንድ ጓዳ የሚጋሩ ይሆን ብለው ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ በተሠራ ጥናት፣ ለትዝታ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች ገጥሟቸው የማያውቅ ነገር፣ ለምሳሌ በአሸዋማ ባሕር ዳርቻ ላይ ተጋድመው፣ በዓይነ ኅሊናቸው እንዲሥሉ ተጠየቁ። አብዛኞቹ የሰጡት ሥዕል ቁርጥራጭ ነበር፤ ነገሮቹ አንድ ቦታ ላይ ሰብሰብ ብለው አልታዩዋቸውም። ያለፈውን የሚያነሣው የአንጎል ክፍል ያልሆነውን ለመገንባትም ያገለግላል ማለት ነው። ደራሲ «ፈጠርኩት» የሚለውና «አስታወስኩት» የሚለው የሚቀላቀሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ መርሳት ለትረካ ይጠቅማል?

በከፊል፣ አዎ። ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም የሚሆነውን እንውሰድ። በዚያው ደቂቃ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ብዙ ነገር ይጽፋል፤ ቆሎ ሻጮቹ ስንት እንደ ነበሩ፣ ማን ቀድሞ እንደ ደረሰ፣ የሾፌሩን ጩኸት፣ የረዳቱን ቁጣ፣ የተከፈተውንና ያልተከፈተውን መስኮት፣ የመልሱን ሳንቲም፣ ኋላ ወንበር ላይ ያለቀሰውን ሕፃን። ከዓመታት በኋላ ያለ ማስታወሻ ሲጽፈው ግን ምናልባት አንድ እጅ ብቻ ይቀርለታል፤ በከፊል በተከፈተ መስኮት የገባ፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ የያዘ፣ አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ገንዘቡን ሳይቀበል አብሮ የሚሮጥ እጅ። የመጀመሪያው መዝገብ ነው። ሁለተኛው የትረካ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ መርሳት ለጸሐፊው ሳይጠየቅ የመረጠለት፣ ከስሜት ጋር የተጣበቀውን አስቀርቶ ሌላውን ያራገፈ ነውና።

ምንም የማይረሳ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሶቪየቱ የአንጎል ሐኪምና የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ለብዙ ዓመታት በተከታተለው በሸረሸቭስኪ ታይቷል። ይህ ሰው ረጃጅም የቃላትና የቁጥር ዝርዝሮችን ከዓመታት በኋላ ሳይቀር ይደግማቸው ነበር። ታሪክ ሲነበብለት ግን ይቸገራል፤ እያንዳንዱ ቃል የራሱን ሥዕል ስለሚያመጣበት ሥዕሎቹ ተደራርበው የዓረፍተ ነገሩን ፍሬ ይጋርዱበታል። ታሪክን ታሪክ የሚያደርገው የሚጣለው ነገር መኖሩ ነው፤ እርሱ ደግሞ መጣል አቃተው።

መርሳት የሚጠቅምበት ሌላው ቦታ የእርማት ጠረጴዛ ነው። ጸሐፊ ትኩስ ረቂቁን ሲያነብ የሚያየው ሊል ያሰበውን እንጂ ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። የተዘለለችውን ቃል አእምሮው ይሞላታል፤ ያልተብራራው ነገር ለእርሱ የተብራራ ነው። ሮማዊው ገጣሚ ሆራስ የተጻፈን ነገር እስከ ዘጠነኛው ዓመት ሳያወጡ ማቆየትን የመከረው ያለ ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት የሚታገሥ አሳታሚ ዛሬ አይገኝም፤ ጥቂት ሳምንት እንኳ ግን ደራሲውን ለራሱ ጽሑፍ ባዳ ለማድረግ ይበቃል።

ደራሲ የራሱን ጽሑፍ ሲረሳስ?

ረጅም ሥራ በዓመታት ውስጥ ስለሚጻፍ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ዳማ የነበረው በቅሎ በመጨረሻው ላይ ቦራ ሆኖ ቢመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። የልብ ወለዱ መርማሪ የሼርሎክ ሆምስ ፈጣሪ አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ባወጣው የመጀመሪያ ታሪክ የሆምስ ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን በጦርነት የቆሰለው ትከሻው ላይ ነው፤ በ1890 በወጣው በሁለተኛው ግን ቁስሉ እግሩ ላይ ነው። አንባቢዎች ይህን እንደ ስሕተት አልፈው አልሄዱም፤ ሁለቱን ለማስታረቅ የየራሳቸውን ታሪክ ፈጠሩ።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። በስፔናዊው ደራሲ በሰርቫንቴስ ልብ ወለድ «ዶን ኪኾቴ» የመጀመሪያ ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1605 በታተመው፣ የዋናው ባለ ታሪክ አሽከር የሳንቾ አህያ ተሰርቆ ሳለ ጥቂት ገጽ ቆይቶ ሳንቾ ምንም እንዳልተፈጠረ በዚያው አህያ ተቀምጦ ይታያል። ስሕተቱ የደራሲው መዘንጋት ነው ወይስ በኅትመት ወቅት የገጾች መዘበራረቅ ያመጣው የሚለው አሁንም ያከራክራል። የሚገርመው ግን ደራሲው በ1615 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ያደረገው ነው። ገጸ ባሕርያቱ ስለ እነርሱ የተጻፈው መጽሐፍ እንደ ታተመ ሰምተዋል፤ አንዱ አንባቢ ስለ አህያው ነገር ሳንቾን ይጠይቀዋል፤ ሳንቾም ወይ ታሪክ ጸሐፊው ተሳስቷል አለዚያም የአታሚው ግድየለሽነት ነው ብሎ ይመልሳል። ዝንጋታው አልተደበቀም፤ ራሱ የትረካው ክፍል ሆኖ ተቀመጠ።

ቃል በቃል የሚያቆዩትስ እንዴት ይሆናል?

አንድ ሰው እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቱን አንሥቶ ቢሞግት ተገቢ ነው። ዳዊት በቃል ይደገማል፤ የዜማ ተማሪ ድጓን ለዓመታት እየተቀጣ ያጠናል፤ የቅኔ ተማሪ ቅኔ ሲዘረፍ የሰማውን ይዞ ይወጣል። ይህ ሁሉ ከላይ የተባለውን አያፈርስም፤ የሚያሳየው መርሳት ምን ምን ቦታ ላይ እንደሚታገድ ነው። በዜማ የተያዘ ቃል ቢለወጥ ዜማው ይሰበራል፤ ቤት የሚመታ ስንኝ ውስጥ ሌላ ቃል ቢገባ ጆሮ ወዲያው ይነቃል፤ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የሚያርም መምህር ተቀምጧል። ተረት ግን ይህ አጥር የለውም። ስለዚህ በአንድ መንደር ለቅሶ ላይ የተገጠመ ሙሾ ቃሉን እንደ ጠበቀ ዘመን ሲሻገር፣ ስለ ሟቹ በስድ ንባብ የሚነገረው ታሪክ ከተራኪ ተራኪ ይለዋወጣል።

ግጥም ሁሉ አይለወጥም ማለት ግን አይደለም። አሜሪካውያኑ ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በያኔዋ ዩጎዝላቪያ የጀግና ታሪክ በመሰንቆ መሰል መሣሪያ የሚያዜሙ ሰዎችን ሲቀዱ፣ አዝማሪዎቹ አንዲት ቃል ሳንለውጥ እንደግመዋለን ይሉ ነበር። ቅጂዎቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ጉልህ ነበር። አዝማሪዎቹ አልዋሹም፤ ለእነርሱ ቃል በቃል ማለት ታሪኩን ከነፍሬው መድገም ነው። የተለመዱ ሐረጎችን እየገጣጠሙ በየጊዜው እንደ አዲስ ያዜሙት ነበር።

በእኛ አገር መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በመቅረጸ ድምፅ ቀድተው ወደ መጽሐፍ መለወጣቸው ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ሥራ ነው። አንድን የቃል ትረካ በአንድ ቀን አነጋገሩ አሥረው ስላስቀሩት፣ ከዚያ በኋላ ቢያንስ ያ ቅጂ አይለወጥም። ሰሚው በራሱ ቃል ቢጽፈው ኖሮ የምናነበው የሁለት ሰዎችን መርሳት በሆነ ነበር።

የሌላውን ሐሳብ የራስ አድርጎ መጻፍ ስርቆት ነው?

ምንጭን መርሳት ያልሁት እዚህ ይመጣል። ማየትና መስማት የተሳናት አሜሪካዊት ሔለን ኬለር የ11 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1891፣ ስለ ውርጭ ንጉሥ አንድ ታሪክ ጽፋ ለትምህርት ቤቷ ኃላፊ በልደቱ ቀን በስጦታ ላከችለት። ታሪኩ ታትሞ ሲነበብ ማርጋሬት ካንቢ የተባለች ደራሲ ቀደም ብላ ከጻፈችው ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ተደረሰበት። ልጅቷ በትምህርት ቤቱ ሰዎች ፊት ቀርባ ተመረመረች። ካንቢ የጻፈችው ከዓመታት በፊት መዳፏ ላይ በጣት በሚሠራ የእጅ ፊደል ተነብቦላት እንደ ነበር ታወቀ፤ መነበቡን ረስታዋለች፣ ታሪኩን ግን አልረሳችውም። በራሷ ምናብ የመጣ መስሏት ነበር። ካንቢ ራሷ ልጅቷን አልኮነነቻትም፤ ኬለር ግን በኋላ በጻፈችው ግለ ታሪክ እንደ ነገረችን፣ ከዚያ ወዲህ በምትጽፈው ነገር ሁሉ የራሷ ይሁን የሌላ ሰው እርግጠኛ ለመሆን ትቸገር ነበር።

ይህ የሚሆነው አንጎል የነገሩን ይዘትና የነገሩን ምንጭ እኩል አጥብቆ ስለማይዝ ነው። ይዘቱ ተደጋግሞ ስለሚታሰብ ይጠነክራል፤ «እገሌ ነገረኝ» የሚለው ግን አንድ ጊዜ የተከሠተ ተራ ነገር ስለሆነ ቶሎ ይላቀቃል። ከሌሎች ጋር ተቀምጦ ሐሳብ ሲዋጣ የነበረ ሰው የጎረቤቱን ሐሳብ በኋላ የራሱ አድርጎ ማቅረቡ በሙከራም ታይቷል። ሆን ብሎ ከሚገለብጥ ሰው ጋር አንድ አይደለም፤ ተጎጂው ግን ልዩነቱ ላይጽናናው ይችላል።

በሽታ ሲሆንስ?

እስካሁን ያነሣነው መርሳት ጤናማ ነው። የመርሳት በሽታ የሚባሉት፣ ከእነርሱም ዋነኛው አልዛይመር፣ የአንጎልን ሕዋሳት የሚጎዱ በመሆናቸው ትረካን በሌላ መንገድ ይነካሉ። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ታሪክ ደራሲ የአጋታ ክሪስቲን ልብ ወለዶች በኮምፒውተር ሲያነጻጽሩ፣ በዕድሜዋ መጨረሻ የጻፈቻቸው ላይ የቃላት ስብጥሯ ጠቦ፣ «ነገር»፣ «አንድ ነገር» የመሳሰሉ ያልተለዩ ቃላት በዝተው፣ ሐረጎችም እየተደጋገሙ አገኟቸው። በ1972 ከወጣው ሥራዋ ዋና ዋና ባለ ታሪኮች አንዷ ማስታወስ የሚያስቸግራት ደራሲ መሆኗ ልብ ይነካል። ክሪስቲ በሕይወት ሳለች በሐኪም የተረጋገጠ የመርሳት በሽታ እንዳልነበረባት መዘንጋት የለበትም፤ ጥናቱ ከጽሑፍ ተነሥቶ የሚጠረጥር እንጂ የሚመረምር አይደለም። በሌላዋ ልብ ወለድ ደራሲ በአይሪስ መርዶክ ረገድ ግን በሽታው ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የመጨረሻ ልብ ወለዷ ከቀደሙት ጋር ሲነጻጸር የሰዋስው አወቃቀሩ ብዙም ሳይለወጥ ቃላቱ ግን ደኽይተው ተገኙ። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ምርመራው ከመደረጉ በፊት ነው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቸት ደግሞ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያልተለመደ የአልዛይመር ዓይነት እንዳለበት ገለጸ። የእርሱ በሽታ ቀድሞ የጎዳው ዕይታን የሚያቀናጀውን የአንጎል ክፍል ነበርና መተየብ ሲያቅተው ለረዳቱና ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለሚቀይር ፕሮግራም በቃል እያስጻፈ ተጨማሪ መጻሕፍት አወጣ። ስለዚህ በሽታውን ከፈጠራ ጋር አያይዞ ማሞገስም ሆነ፣ ምርመራው እንደ ተሰማ ደራሲው አበቃለት ማለትም ከእውነቱ ይርቃል።

እውነተኛ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

በልብ ወለድ ውስጥ የተሞላ ቀዳዳ ማንንም አይጎዳም። ግለ ታሪክ፣ የአካባቢ ታሪክ፣ የምስክርነት ቃል ላይ ግን አንባቢው እውነት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በሰሜን ሸዋ የተወለዱትና የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ደራሲ፣ በልጅነታቸው የዘመቱበትን ዐድዋን በግለ ታሪካቸው የጻፉት ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚያነብ ሰው ሁለት ነገር ለይቶ ቢይዝ ይጠቀማል፤ ልጅ ዓይን የያዘው ትዕይንትና ስሜት አለ፣ አዋቂው በኋላ ካነበበውና ከሰማው ያደራጀው ቅደም ተከተልም አለ። ሁለተኛው መኖሩ የመጀመሪያውን ሐሰት አያደርገውም። በጥናት እንደ ታየው ደግሞ የመጥፎ ትዝታ ምሬት ከመልካም ትዝታ ደስታ ይልቅ ቶሎ ስለሚለዝብ፣ በስተርጅና የሚጻፍ ልጅነት ከኖሩት ልጅነት ጣፍጦ ቢገኝ ሊጠበቅ የሚገባው ነው።

ሽማግሌ ጠይቆ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ፈተና አለበት፤ ጥያቄው ራሱ። አሜሪካዊቷ ኤሊዛቤት ሎፍተስ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ሙከራ የመኪና ግጭት ፊልም ለተማሪዎች አሳይታ ፍጥነቱን አስገመተቻቸው። መኪኖቹ «ሲላተሙ» በሚል ኃይለኛ ቃል የተጠየቁት በአማካይ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሉ፣ «ሲነካኩ» በሚል የተጠየቁት 51 ገደማ አሉ። በሌላ ተመሳሳይ ሙከራም ተሳታፊዎቹ ከሳምንት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ፣ በኃይለኛው ቃል ከተጠየቁት መካከል ፊልሙ ላይ ያልነበረ የመስታወት ስብርባሪ አየን ያሉት በዝተው ተገኙ። እንግዲህ የጣርማ በር ዋሻ ሲቆፈር አባታቸው ያዩትን የሚተርኩ አዛውንትን «ጣሊያኖቹ ሲገርፏቸው ምን አሉ?» ብሎ የሚጀምር ሰው ከመልሱ ውስጥ ግርፋት ቢያገኝ፣ ግርፋቱን ያመጡት አዛውንቱ ይሁኑ ጠያቂው መለየት አይችልም። «አባትዎ ስለዚያ ሥራ ምን ይነግሩዎት ነበር?» ብሎ ዝም ማለት የተሻለ ነው።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ትዝታ የሚታሰረው በቁጥር ሳይሆን በክሥተት ነው፤ «በ77 ድርቅ»፣ «አብዮቱ እንደ ፈነዳ»፣ «የታላቅ ወንድሜ ሠርግ ከመሆኑ በፊት» የሚሉት መልሶች ለቁጥር ሰው ልል ቢመስሉም ተነጻጽረው ሲታዩ ከግምት ዓመት ይልቅ ይታመናሉ። ቅጂውን ሲገለብጡ የአዛውንቱን መልስ ብቻ ሳይሆን የተጠየቁበትን ጥያቄ ቃል በቃል፣ ማን አጠገባቸው ተቀምጦ እንደ ነበርና ቀኑን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ታሪክ ለሌላ ሰው ሲነግሩት ከተለወጠ፣ የተለወጠው ትዝታቸው ነው ወይስ ጥያቄው የሚለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።